በማይታወቅ ብሮውዘር የባንክ ሒሳብን መክፈት፦ አደጋው የቱ ላይ ነው?

ባሕር ዳር፦ የሰሊጥ፣ የማሾና የበቆሎ ምርት ወደ ገበያ በሚወጣባቸው ወራት ከነጋዴ ወደ አምራች የሚተላለፈው ገንዘብ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከጥሬ ብር ወደ ባንክ ሒሳብ እየተሻገረ መጥቷል። ገዥው በስልኩ ይልካል፤ ሻጩም በስልኩ መድረሱን ያረጋግጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ሌሎች ባንኮችም የሞባይልና የኢንተርኔት አገልግሎታቸውን ካስፋፉ ወዲህ፣ ቀሪ ሒሳቡን ለማወቅ ብቻ ወረዳ ከተማ ድረስ ይመላለስ የነበረ አርሶ አደር ከቤቱ ሳይወጣ ማየት ችሏል። ይሁንና የአንድ መኸር ድካም ያረፈበት ገንዘብ በስልክ ላይ ሲታይ በማን እጅ አልፎ እንደሚታይ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

በስልኩና በባንኩ መካከል የድረ ገጽ ማሰሻ፣ በተለምዶ ብሮውዘር የሚባለው መተግበሪያ ይቆማል። የባንክን ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን የሚጽፈው በመጀመሪያ ለዚህ መተግበሪያ ነው፤ ባንኩ የሚደርሰው ከእርሱ ቀጥሎ ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ በዓለም ዙሪያ የታወቁ በመሆናቸው ጉድለታቸውን ዕለት ዕለት የሚፈትሹ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። በገጠርና በትናንሽ ከተሞች በሚገኙ ስልኮች ላይ ግን ኦፔራ ሚኒ፣ ዩሲ ብሮውዘር፣ ፊኒክስና ስማቸው እምብዛም የማይነሳ ሌሎችም ይገኛሉ። አንዳንዱ ስልኩ ሲገዛ አብሮ ተጭኖ የመጣ ነው፤ አንዳንዱን የስልክ ጥገና ቤት ጭኖታል፤ አንዳንዱን ደግሞ ማን እንደጫነው የስልኩ ባለቤትም አያስታውስም።

ነገሩን በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ ከሚጽፍ ሰው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ባለጉዳዩ ጉዳዩን ሳይደብቅ ለጸሐፊው ይነግረዋል፤ ካልነገረው አይጻፍለትም። ማመልከቻው በፖስታ ታሽጎ ቢላክ በመንገድ ላይ ያገኘው ሰው አያነበውም። ጸሐፊው ግን ገና ከመታሸጉ በፊት አውቆታል። በድረ ገጽ አድራሻ መጀመሪያ ላይ የሚታየው ኤችቲቲፒኤስ የሚባለው የምስጠራ ሥርዓት የፖስታውን እሽግ የሚተካ ነው። የሻይ ቤት ዋይፋይ የሚያስተዳድረው ሰውም ሆነ መስመሩን ለመጥለፍ የሚሞክር ወንበዴ የሚያልፈውን የይለፍ ቃል እንዳያነብ ይከለክላል። ከብሮውዘሩ ራሱ ግን ምንም አይሰውርም። ስለዚህ የባንክ ገጽ ለሚከፍት ሰው መነሻው ጥያቄ ብሮውዘሩ ምን ያህል ፈጣን ነው ወይም ምን ያህል ዳታ ይቆጥባል የሚለው አይደለም። መልእክቱን ሳይከፍት በቀጥታ ያደርሳል ወይ? ሠሪውስ ጉድለቱን በጊዜው ይጠግናል ወይ? ስልኩ ላይ ያለው ቅጂ በእርግጥ ከሠሪው የመጣ ነው ወይ? መጠየቅ ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ኦፔራ ሚኒ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ብሮውዘር እ.ኤ.አ. በ2005 በኖርዌይ የወጣው ትንሽ አቅም ባላቸው ስልኮች ላይ እንዲሠራ ታስቦ ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ድረ ገጹን ስልኩ ራሱ አያወርደውም። ጥያቄው ወደ ኩባንያው የኮምፒውተር ማዕከል ይሄዳል፤ ማዕከሉ ገጹን ከፍቶ፣ ምስሉን አሳንሶ፣ አላስፈላጊውን ቀንሶ፣ የተጨመቀውን ቅጂ ወደ ስልኩ ይልካል። ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ ዜና ለማንበብ ወይም የገበያ ዋጋ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ አሁንም ነው። ዳታ በገንዘብ የሚገዛ እስከሆነ ድረስ ኦፔራ ሚኒን የመረጠ ሰው ተሳሳተ ማለት አይቻልም።

ለባንክ ሲሆን ግን ያው ብልሃት ችግር ይሆናል። በኦፔራ ሚኒ ውስጥ ‹ኤክስትሪም› የሚባለው ከፍተኛው የዳታ ቁጠባ ሲበራ፣ የተመሰጠረ ገጽም ቢሆን በኩባንያው ማዕከል ይከፈታል። ከስልኩ እስከ ማዕከሉ ያለው መንገድ የታሸገ ነው፤ ከማዕከሉ እስከ ባንኩ ያለውም የታሸገ ነው። መካከል ላይ ግን እሽጉ ይፈታል፤ መጭመቅ የሚቻለው ተፈትቶ ሲነበብ ብቻ ስለሆነ ነው። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም። ኩባንያው ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የታሸገ ግንኙነት የሚፈልግ ሰው በዚህ መንገድ የማይሠራ ሙሉ ብሮውዘር እንዲጠቀም ሲመክር ቆይቷል። ቁልፍ ባላቸው የጃቫ ስልኮች ላይ የሚሠራው አሮጌው ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ሌላ አማራጭ የለውም፤ ሁልጊዜም በማዕከሉ በኩል ነው የሚያልፈው።

ይህ ማለት ኩባንያው የደንበኞችን ገንዘብ ይሰርቃል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ክስ የለበትም። በባንኩና በደንበኛው መካከል ብቻ መቅረት የነበረበት ምሥጢር ሦስተኛ ወገን ባለበት ይነገራል ማለት ነው። ያ ሦስተኛ ወገን ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ ማዕከሉ በጥቃት ቢወረር፣ አንድ ሠራተኛ ቢባልግ ወይም የባለቤትነት ለውጥ ቢኖር፣ ዋሱ ማን እንደሆነ ደንበኛው አያውቅም። የኦፔራ የብሮውዘር ሥራም እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ባለሀብቶች ስብስብ ተገዝቶ ባለቤት ቀይሯል፤ ስልኩ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ግን እንደነበረው ስለሆነ አብዛኛው ተጠቃሚ ይህን ሳያውቅ አልፏል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ኦፔራ ሚኒን ለዜናና ለንባብ እያቆዩ፣ የባንክ ገጽ ለመክፈት ግን ሌላ ብሮውዘር መያዝ ይቻላል። ሌላ ከሌለ ወደ ማስተካከያው ገብቶ የዳታ ቁጠባውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ያስፈልጋል። የባንክ ገጽ ብዙ ምስል ስለሌለው በዚህ የሚጨምረው የዳታ ወጪ እምብዛም አይሰማም።

የዩሲ ብሮውዘር ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ይከብዳልም። ዩሲ የቻይናው የአሊባባ ኩባንያ ንብረት ሲሆን በእስያና በአፍሪካ ብዙ ተጠቃሚዎች ነበሩት። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ብሮውዘሩ ተጠቃሚው የሚፈልጋቸውን ቃላት ሳይመሰጥር እንደሚልክ፣ የቻይንኛው ቅጂ ደግሞ የስልኩንና የሲም ካርዱን መለያ ቁጥሮች በደካማ ምስጠራ ወይም ያለምንም ምስጠራ እንደሚያስተላልፍ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዶክተር ዌብ የተባለው የሩሲያ የደኅንነት ኩባንያ ሌላ ጉድለት አገኘ፤ ብሮውዘሩ ተጨማሪ የፕሮግራም ክፍሎችን ከጎግል ፕሌይ ውጭ፣ ባልታሸገ መስመር ያወርድ ነበር። መስመሩ ካልታሸገ ደግሞ መካከል ላይ ያለ ሰው የሚወርደውን ክፍል በራሱ ተንኮል አዘል ክፍል ሊተካው ይችላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም የሕንድ መንግሥት 59 የቻይና መተግበሪያዎችን ሲያግድ ዩሲ አንዱ ነበር። የሕንድ እርምጃ የተወሰደው በሁለቱ አገሮች የድንበር ግጭት ማግስት ስለነበር ፖለቲካም ነበረበት፤ የቶሮንቶና የሩሲያ ባለሙያዎች ያገኙት ግን ማንም የዘርፉ ባለሙያ መልሶ ሊፈትሸው የሚችል የቴክኒክ ጉድለት ነው።

ከዩሲ ታሪክ የሚወሰደው ብሮውዘሩ ክፉ ሐሳብ እንኳ ባይኖረው በግዴለሽነት የተሠራ ከሆነ ለባንክ እንደማይሆን ነው። የአገሩ ስም ብዙ አይነግረንም። ተጠቃሚው ራሱ ፕሮግራሙን ፈትቶ መመርመር ስለማይችል፣ ቢያንስ ሌሎች የሚመረምሩትንና ጉድለት ሲገኝበት በይፋ የሚጠገነውን መምረጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የጥገናው ጉዳይ፣ ለስንዴ አምራች እንግዳ አይሆንም። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ ለዓመታት በሰፊው ሲዘራ ቆይቶ በ2002/03 ዓ.ም የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ክፉኛ መታው። ብዙ አርሶ አደር ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲጋሉ ተሸጋገረ። ይሁንና በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት በአርሲና በባሌ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ በዲጋሉ የተሸፈኑ ማሳዎችን ባዶ አስቀረ። ዲጋሉ በአንድ ሌሊት የተበላሸ ዘር አልነበረም፤ በሽታው ተለዋወጠ፣ ዘሩ ግን እንደነበረ ቆመ። ከሦስት ዓመት በፊት የተጫነና ከዚያ ወዲህ ያልታደሰ ብሮውዘርም እንደዚያው ነው። በተጫነበት ቀን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ ግን አጥቂዎች መግቢያውን አጥንተዋል።

በዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። እምብዛም የማይታወቁት አብዛኞቹ የአንድሮይድ ብሮውዘሮች ከመሠረቱ የተሠሩ አይደሉም፤ ጎግል ለሁሉም ክፍት ባደረገው ክሮሚየም በተባለ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። መሠረቱ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በቀለማቸው፣ በመግቢያ ገጻቸውና በሚያሳዩት ማስታወቂያ ነው። በመሠረቱ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ ጎግል ጥገናውን ለክሮም ወዲያው ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የክሮም የደኅንነት ጥገና የሚወጣው በየሳምንቱ ነው። ሌሎቹ ግን ያንኑ ጥገና ወስደው በራሳቸው ቅጂ ላይ እስኪጨምሩ ድረስ ቀናት ወይም ሳምንታት ያልፋሉ፤ ቸልተኛው ደግሞ ወራት ይቆያል። የሚያስፈራው ይህ የመካከል ጊዜ ነው። ጥገናው በይፋ ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደነበረ አብሮ ይታወቃል። ጎረቤት አጥሩን ሲጠግን ያየ ሌባ፣ በተመሳሳይ አጥር የታጠረውንና ገና ያልተጠገነውን ግቢ ለመፈለግ ይነሣል።

ይህን ለማጣራት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በጎግል ፕሌይ ላይ የብሮውዘሩን ስም ፈልጎ ዝርዝር መግለጫውን ሲከፍቱ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበት ቀንና የሠሪው ስም ይታያል። ሁለት ሦስት ወር ሙሉ ያልታደሰ ብሮውዘር የባንክ ገጽ ሊከፈትበት አይገባም። በጎግል ፕሌይ ላይ ጨርሶ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ከስልኩ ላይ ማንሳቱ ይሻላል። ስልኩ ራሱ የቆየ ሲሆን ግን ክሮምም ላይረዳ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ በኋላ የወጡት የክሮም ቅጂዎች አንድሮይድ 10ንና ከዚያ በላይ ያለውን ይጠይቃሉ። ከዚያ ያነሰ አንድሮይድ ያለው ስልክ ክሮምን ይከፍታል፤ የሚከፍተው ግን ጥገናው የቆመበትን ቅጂ ነው። ለእንዲህ ያለው ስልክ ሌላ መንገድ አለው፤ ወደ በኋላ ይመጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ የቅጂው ምንጭ ነው፤ በተግባር ሲታይ ከሁሉም በላይ ችላ የተባለው ይህ ነው። በብዙ ከተሞች አዲስ ስልክ የገዛ ሰው መተግበሪያ የሚያስጭነው ከሱቅ ነው። ባለሱቁ ከራሱ ስልክ ወይም ከሚሞሪ ካርድ በዜንደር ያስተላልፍለታል፤ ዳታ ስለማያስከፍል ሁለቱም ይደሰታሉ። አንዳንዱ ደግሞ በቴሌግራም ቻናል ላይ ‹ማስታወቂያ የሌለው›፣ ‹የተከፈተ› ወይም ‹ፈጣኑ› ተብሎ የተለቀቀውን ያወርዳል። እንዲህ የሚዞረው ፋይል ስሙና ምልክቱ የታወቀው ብሮውዘር ሆኖ ሳለ ውስጡ በሌላ ሰው ተፈትቶ መልሶ የተሰፋ ሊሆን ይችላል። የምርጥ ዘር ከረጢት የገዛ አርሶ አደር ስፌቱንና መለያውን ሳያይ አይከፍልም፤ ከረጢቱ ተፈትቶ ተራ እህል ተጨምሮበት ዳግም እንደሚሰፋ ያውቃልና። ባለሱቁ ራሱ ብዙ ጊዜ ተንኮል የለበትም፤ እርሱም ከሌላ ሰው የተቀበለውን ነው የሚያቀብለው። ዋትስአፕና ፊልም ማጫወቻ በዚህ መንገድ መቀበል የራሱ አደጋ ቢኖረውም፣ የባንክ የይለፍ ቃል የሚጻፍበትን ብሮውዘር ወይም የባንክ መተግበሪያ ግን በዚህ መንገድ መቀበል ፈጽሞ አይገባም።

የተጫነው ብሮውዘር ምን ምን ፈቃድ እንደጠየቀ መመልከትም ብዙ ይናገራል። ድረ ገጽ ለመክፈት አጭር የጽሑፍ መልእክት ማንበብ፣ የስልክ ጥሪ ማድረግ ወይም ስክሪን ላይ የሚታየውን ሁሉ መከታተል አያስፈልግም። ባንኮች የማረጋገጫ ቁጥር የሚልኩት በጽሑፍ መልእክት ስለሆነ፣ መልእክት የሚያነብ ብሮውዘር የይለፍ ቃሉንም የማረጋገጫ ቁጥሩንም በአንድ እጅ ያዘ ማለት ነው። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የመተግበሪያዎች ዝርዝር ተከፍቶ እንዲህ ያለውን ፈቃድ መከልከል ይቻላል።

ብሮውዘሩ ጤነኛ ሆኖ የተከፈተው ገጽ የሐሰት ሲሆንስ? ብዙ ሰው በአድራሻው ጎን ትንሽ የቁልፍ ምልክት ካየ ገጹ የባንኩ እንደሆነ ያምናል። ምልክቱ የሚለው መንገዱ የታሸገ መሆኑን ብቻ ነው፤ በመንገዱ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አይናገርም። የምስጠራ የምስክር ወረቀት ዛሬ በነጻና በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚገኝ አጭበርባሪዎችም ያወጡታል። ጎግልም ሰዎች ምልክቱን በስህተት እንደሚረዱት በማየቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ከክሮም ላይ አንሥቶ በሌላ ምልክት ተክቶታል። እምብዛም የማይታወቁ ብሮውዘሮች አብዛኞቹ ግን አሁንም ቁልፉን ያሳያሉ፤ አንዳንዶቹ ለገጹ ቦታ ለማስፋት ሲሉ አድራሻውን ራሱን ቆርጠው ወይም ሰውረው ያስቀራሉ። አድራሻውን ሙሉ በሙሉ የማያሳይ ብሮውዘር ለባንክ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አድራሻን ማንበብ ደግሞ ከሐበሻ ስም አጠራር ጋር ይመሳሰላል። የራስ ስም ይቀድማል፣ የአባት ስም ይከተላል፤ ቤቱን የሚያሳውቀው የኋለኛው ነው። በድረ ገጽ አድራሻም ከመጀመሪያው እዝባር በፊት መጨረሻ ላይ ያለው ስም ባለቤቱን ይናገራል። አንድ አድራሻ የታወቀ ባንክ ስም አስቀድሞ በ‹ሽልማት ዶት ኮም› የሚያበቃ ከሆነ፣ ገጹ የ‹ሽልማት ዶት ኮም› ባለቤት እንጂ የባንኩ አይደለም። የባንክ ስም በራስ ስም ቦታ ላይ መጻፍ ማንንም አይከለክልም። ትክክለኛውን አድራሻ ከቅርንጫፍ ባንክ ጠይቆ አንድ ጊዜ በእጅ መጻፍና በብሮውዘሩ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በየጊዜው ከመፈለጊያ ገጽ ወይም በፌስቡክና በቴሌግራም ከሚላክ ማስፈንጠሪያ ከመክፈት ይሻላል።

ገጹ ሲከፈት ‹ግንኙነቱ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም› የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣስ? በገጠር ይህ ከሚገመተው በላይ የሚያጋጥም ሲሆን አንዱ የተለመደ መንስኤው የስልኩ ቀን ነው። ባትሪው ወጥቶ ወይም ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ስልክ ሲበራ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገኛል። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናበት ዘመን ስላለው ስልኩ በተሳሳተ ቀን ሲያመሳክረው ‹አይጸናም› ይላል፤ ሁሉም ገጽ ይከለከላል። ሰውም ከዚህ የተነሣ ‹ይቅጠል› የሚለውን መጫን ይለምዳል። ልምዱ ነው አደገኛው፤ እውነተኛ ጠላፊ በመንገዱ ላይ የቆመ ቀን የሚመጣው ማስጠንቀቂያ መልኩ ያው ነውና። ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሎ እንደገና መሞከር፣ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ግን ያን ዕለት ሒሳቡን ሳይከፍቱ መተው ይገባል። ከታወቁት ብሮውዘሮች መካከል እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ ጨርሶ የማያሳይ የለም፤ ሳያስጠነቅቅ የሚያልፍ ብሮውዘር ካጋጠመ መጣል ያለበት እርሱ ራሱ ነው።

በውጭ አገር ያሉ የቤተሰብ አባላት የሚያነሱት ሌላ ጥያቄም አለ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚገኙ አንዳንድ ባንኮች ያረጀ ወይም ያልታወቀ ብሮውዘር ሲያዩ በሩን ይዘጋሉ፤ ‹ይህ ብሮውዘር አይደገፍም› ይላሉ። አንዳንድ ብሮውዘሮች ደግሞ ስማቸውን ለውጠው ‹ክሮም ነኝ› እንዲሉ ወይም የኮምፒውተር ገጽ እንዲጠይቁ ማድረግ ይቻላል። በሩ ይከፈት ይሆናል። ነገር ግን የሌላ ሰው መታወቂያ የያዘ ሰው እንደማይለወጥ ሁሉ፣ ስሙን የለወጠ ብሮውዘርም በውስጡ ያለው ቀዳዳ አይደፈንለትም። ክልከላው የመጣው በስሙ ብቻ ከሆነና ብሮውዘሩ በየጊዜው የሚታደስ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በማርጀቱ ከሆነ ግን ባንኩ ትክክል ነው።

የባንኩ የራሱ መተግበሪያ በስልኩ ላይ የሚሠራ ከሆነ ብሮውዘርን ጨርሶ መተው ይመረጣል። ከጎግል ፕሌይ የወረደ የባንክ መተግበሪያ የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ የሐሰት ገጽ የመክፈትም፣ ማስታወቂያ የማሳየትም ዕድል የለውም። ስልኩ አሮጌ ሲሆን ወይም ዳታ ሲጠፋ ደግሞ በኮከብ የሚጀመሩት አጫጭር ቁጥሮች አሉ፤ ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127#። እነዚህ በኢንተርኔት አያልፉም፤ በዓለም ዳርቻ የተቀመጠ አጭበርባሪ የሐሰት ገጽ ሊዘረጋባቸው አይችልም። ፍጹም ናቸው ማለት አይደለም። መልእክቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይታሸግም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚስጥር ቁጥሩ በሰው ፊት ሲጫን ይታያል። ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶች ስልካቸውን ለወኪል ወይም ለሠፈር ልጅ ሰጥተው ቁጥሩን በቃል መናገራቸው በየገበያው የሚታይ ነው፤ ይህን የትኛውም ብሮውዘር አያስተካክለውም። ቤተሰብ አንድ ታማኝ ሰው መርጦ ቢያግዛቸው የተሻለ ነው።

አንድ ስልክ ለአንድ ቤተሰብ በሚያገለግልበት ቤት ብሮውዘሩ ‹የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?› ሲል ‹አይሆንም› ማለት፣ ሒሳቡን ካዩ በኋላም ገጹን ከመዝጋት በፊት ‹ውጣ› የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። ስልክ ለጥገና ሲሰጥ በውስጡ የተቀመጠ የይለፍ ቃል አብሮ ይሰጣል።

የይለፍ ቃሉን በአጠራጣሪ ብሮውዘር ወይም ገጽ ላይ አስቀድሞ የጻፈ ሰው ጊዜ ማጥፋት የለበትም። መጀመሪያ ብሮውዘሩ ባልተጫነበት በሌላ ስልክ ወደ ባንኩ መደወል ያስፈልጋል፤ የንግድ ባንክ ደንበኞች በ951፣ የቴሌብር ተጠቃሚዎች በ127 ሒሳባቸው ለጊዜው እንዲታገድ መጠየቅ ይችላሉ። የሚስጥር ቁጥሩ የሚቀየረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያው አጠራጣሪ ብሮውዘር ላይ መቀየር ግን አዲሱንም ቁጥር አሳልፎ መስጠት ይሆናል። ገንዘብ ወጥቶ ከሆነ የወጣበትን ሰዓት፣ የተላከበትን ሒሳብና የደረሱትን የጽሑፍ መልእክቶች ሳያጠፉ ይዞ ወደ ቅርንጫፉ መቅረብ፣ ከዚያም ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትና በኮምፒውተር ማጭበርበር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጡ ናቸው። ደንበኛው ለአገልግሎቱ ሲመዘገብ የሚፈርመው ውል ግን በአብዛኛው የሚስጥር ቁጥሩን የመጠበቅ ኃላፊነት በእርሱ ላይ ስለሚጥል፣ ‹ቁጥሩን ያስገባሁት በዚህ ብሮውዘር ነው› ብሎ ጉዳዩን በዕለቱ ያስመዘገበና ሳምንት ቆይቶ የመጣ ሰው በባንኩ ፊት የሚኖራቸው ክርክር እኩል አይሆንም።